ቁጥር የተከለከለበት ቤት

አንድ ገበሬ ሴት ልጁን እቤቱ ያስተምር ነበር፤ ጠዋት ዳዊት፣ ከዚያ ሒሳብ። የነፍስ አባቱ መምሬ ላቀው በሁዳዴ ጾም መጥተው ይህን ሲያዩ ተቆጡ።

«ዳዊቱ ይበቃታል! ቁጥር እግዜርን ያስረሳል። ሒሳቡን ካልተውክ ሌላ ነፍስ አባት ፈልግ!»

ገበሬው ሽሮ በመሶብ አቀረበ። መምሬ ጾም የሚፈታበት ሰዓት መድረሱን ለማወቅ ደጅ ወጥተው ጥላቸውን በእግራቸው ይለኩ ጀመር።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

ገበሬው መሶቡን ከደነው።

«ተዉ አባ፣ እግዜርን ይረሳሉ! ይልቅ ዳዊት እንድገም፤ ስንጨርስ እንበላለን።»

«ሙሉውን?» አሉ መምሬ ደንግጠው።

«ሙሉውን። ስንት መዝሙር እንደሆነ ግን እንዳይጠይቁኝ።»