አልሞቅም ያለው ውሃ

ተረት ተረት ስላችሁ «የዓሣ ቤት» በሉኝ። በረትም ላምም የለኝም። ያለኝ አንድ የመስታወት ሣጥን ነው።

ብርዱ ጠዋት ጠዋት ጣት በሚቆርጥበት በደብረ ብርሃን ከተማ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ስሟ ማራኪ ነው። ልጄ ናት። አባቷ አንተነህ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ የመስታወት ሣጥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ስድስት ዓሣ በላስቲክ አንጠልጥሎ መጣ።

«አብደሃል እንዴ?» አልኩት። «ሰው ራሱን ማሞቅ አቅቶታል፣ አንተ ዓሣ ልታሞቅ ነው?»

ሳቀብኝ። ውሃ ሞላ። ማሞቂያ ከተተበት፣ ማጣሪያ ከተተበት። ማሞቂያው ቀይ መብራት አበራ፣ ማጣሪያው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከዚያ ወዲያ ምሳ በቀረበ ቁጥር ለዓሦቹ ቆንጠር አድርጎ ይበትናል፣ ልጁን ደግሞ ያጎርሳል። «ለብርቱካን አንድ፣ ለማራኪ አንድ» ይላል። ብርቱካን ያሏት ከስድስቱ ቀላ ያለችውን፣ ብርቱካን የመሰለችውን ዓሣ ነው።

አንተነህ በየካቲት መንገድ ላይ ቀረ። መኪናው ተገለበጠ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

ለቅሶ ተቀመጥን። በለቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም፣ ቴሌቪዥኑም ጨርቅ ይለብሳል። የሰፈራችን ሽማግሌ አባባ ወንድይፍራው መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡና ቡልቅ ቡልቅ የሚለውን ሰሙ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው የሚዘፍነው? ሰው ሞቶ!» አሉና ሶኬቱን ነቀሉት።

ማሞቂያውም ማጣሪያውም የተሰኩት እዚያው ላይ ነበር። ማንም ልብ አላለም። እኔም አላልኩም። የቧንቧ ውሃ ሄዶ ስለነበር ወለል የሚወለውሉት ሴቶች ከሣጥኑ በጆግ እየቀዱ ወሰዱ። ይህንንም ያወቅኩት በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን ሰው ሲበተን ዞር ብዬ አየሁ። አምስቱ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ብርቱካን ብቻ ታች ጥግ ላይ ተለጥፋ ትተነፍሳለች። ደንግጬ ሶኬቱን ሰካሁት። ውሃው ግን ጎድሏል። ማሞቂያው ከውሃ በላይ ወጥቶ ኖሮ ጠሽ ብሎ ተሰነጠቀ። ማጣሪያውም ደረቁን አጓራ፣ ተቃጠለ፣ ዝም አለ። ይህን ያደረገው የእኔ እጅ ነው።

ምሳ አቀረብኩ። ማራኪ አፏን ገጠመች።

«ብይ እንጂ የኔ እናት።»

«ብርቱካን ካልበላች አልበላም።»

እሺ ብዬ ወደ ብርቱካን ሄድኩ። «ብርቱካን፣ ነይ ብይ። አንቺ ካልበላሽ ልጄ አትበላም።» ምግቧን በተንኩላት። ጅራቷን እንኳ አላነቃነቀችም። ይሄ ውሃ በረዶ ነው፣ ይሄ ውሃ ድፍርስ ነው፣ ካልሞቀና ካልጠራ አልበላም ያለችኝ መሰለኝ።

ውሃው ካልሞቀ፣ ውሃው ካልጠራ፣ ብርቱካን አትበላም። ብርቱካን ካልበላች ማራኪ አትበላም።

ወደ ውሃው ሄድኩ። «ውሃዬ፣ እባክህ ሙቅልኝ። እባክህ ጥራልኝ።» ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፣ ፀሐይ ወዳለበት ገፋሁት። ውሃ ምን አገባው! ማሞቂያ ካልገባብኝ አልሞቅም፣ ማጣሪያ ካልገባብኝ አልጠራም አለ።

ማሞቂያና ማጣሪያ ካልገቡ ውሃው አይሞቅም፣ አይጠራም። ውሃው ካልሞቀ፣ ካልጠራ፣ ብርቱካን አትበላም። ብርቱካን ካልበላች ማራኪ አትበላም።

ሣጥኑ ጎን ላይ የባለሱቁ ስልክ ተለጥፏል። አዲስ አበባ ያለ ሙዘይን የሚባል ሰው ነው። ደወልኩለት።

«ማሞቂያና ማጣሪያ ላክልኝ ወንድሜ።»

«የስንት ሊትር ሣጥን ነው እህቴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ርዝመቱ ሦስት ስንዝር ይሆናል።»

«የማን ስንዝር?» ብሎ ሳቀ። «የአንቺ ስንዝርና የእኔ ስንዝር አንድ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ዝም ብለህ አንዱን ላከው።»

«አይሆንም። ማሞቂያው ካነሰ አያሞቀውም፣ ከበዛ ደግሞ ይቀቅላታል። ማጣሪያውም ትልቅ ከሆነ ስቦ ይውጣታል። ሊትሩን ሳላውቅ አልልክም።»

«እስከዚያ ውሃ አፍልቼ ልጨምርባት?»

«ኧረ በአላህ! ወጥ ልትሠሪ ነው?»

ሊትሩ ካልታወቀ ማሞቂያና ማጣሪያ አይመጡም። ማሞቂያና ማጣሪያ ካልገቡ ውሃው አይሞቅም፣ አይጠራም። ውሃው ካልሞቀ፣ ካልጠራ፣ ብርቱካን አትበላም። ብርቱካን ካልበላች ማራኪ አትበላም።

ያን ቀን ማራኪ በግድ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ጠጣች። በማግስቱም ግማሽ ብርጭቆ። የቀሚሷ ወገብ ሲላላ አየሁ። እያንቀላፋች ሳለ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዓሣዋን አያለሁ፣ ልጄን አያለሁ። ማንኛዋ ቀድማ ትንፋሿን እንደምታቆም የምጠብቅ ይመስል ከአንዷ ወደ አንዷ እመላለሳለሁ።

እንደገና ደወልኩ። «ሊትሩን እንዴት ላግኘው? እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ማባዛት ይጠፋብኛል።»

ሙዘይን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤትሽ ሲገዛ ሁሉን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። እሱን ፈልጊው። ለመሆኑ እሱ ራሱ የት ሄዶ ነው?»

ስልኩን ዘጋሁት።

ወረቀቱ ያለበትን አውቃለሁ። አንተነህ ወረቀት ሁሉ የሚከተው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። ጃኬቱ በር ጀርባ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። መኪናው የተገለበጠ ቀን ፀሐይ ስለነበር ሳይለብሰው ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ክርኑ እንኳ እንደታጠፈ ነው፣ ክንድ ያለበት ይመስላል።

ጃኬቱ ካልወረደ ወረቀቱ አይገኝም። ወረቀቱ ካልተገኘ ሊትሩ አይታወቅም። ሊትሩ ካልታወቀ ማሞቂያና ማጣሪያ አይመጡም። ማሞቂያና ማጣሪያ ካልገቡ ውሃው አይሞቅም፣ አይጠራም። ውሃው ካልሞቀ፣ ካልጠራ፣ ብርቱካን አትበላም። ብርቱካን ካልበላች ማራኪ አትበላም።

«እጄ፣ ተዘርጋና ጃኬቱን አውርድልኝ» አልኩት።

እጄ እምቢ አለ። እስከ በሩ ይሄዳል፣ ሚስማሩ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ጃኬቱን ካወረድኩት ሚስማሩ ባዶ ይሆናል። ሚስማሩ ባዶ ከሆነ አንተነህ አይመጣም ማለት ነው። ዓይን ይህን አውቆ ካላለቀሰ እኔ አልዘረጋም አለ እጄ።

«ዓይኔ፣ እባክህ አልቅስ» አልኩት።

ዓይኔም እምቢ አለ። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ከበውኝ «በልጅሽ ፊት እንዳታለቅሺ፣ ትደነግጣለች፣ ለእሷ ስትዪ ጠንክሪ» ብለውኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬ ጠነከርኩ። ከጠነከርኩ በኋላ መላላት ጠፋብኝ። ዓይኔ ደረቀ። አላለቅስም አለ።

ዓይኔ ካላለቀሰ እጄ አይዘረጋም። እጄ ካልተዘረጋ ጃኬቱ አይወርድም። ጃኬቱ ካልወረደ ወረቀቱ አይገኝም። ወረቀቱ ካልተገኘ ሊትሩ አይታወቅም። ሊትሩ ካልታወቀ ማሞቂያና ማጣሪያ አይመጡም። ማሞቂያና ማጣሪያ ካልገቡ ውሃው አይሞቅም፣ አይጠራም። ውሃው ካልሞቀ፣ ካልጠራ፣ ብርቱካን አትበላም። ብርቱካን ካልበላች ማራኪ አትበላም።

እንዲህ ሆነን ተቀምጠን ሳለ አባባ ወንድይፍራው በዱላቸው በሩን ቆረቆሩ።

«እንዴት ዋላችሁ? ኧረ ይቺ ልጅ ምን ነካት? ከስታለች እኮ!»

«አልበላም ብላ ነው አባባ። ዓሣዋ ስላልበላች።»

«ዓሣዋስ ምን ሆና?»

«ውሃው ስለቀዘቀዘ፣ ስለደፈረሰ።»

«ውሃውስ ምን ሆኖ?»

«ማሞቂያና ማጣሪያው ጠፍተው።»

«ማን አጠፋቸው?»

ሽማግሌ ፊት ምን ይባላል? አንገቴን ደፋሁ። አባባ ወንድይፍራው ሣጥኑን አዩ። ከሣጥኑ የሚወርደውን ገመድ አዩ። ገመዱን ተከትለው ሶኬቱን አዩ። ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ ለካ» አሉ።

«ውሃውን ያጎደሉት ሌሎች ናቸው። ደረቁን ሰክቼ ያቃጠልኩት ደግሞ እኔ ነኝ አባባ።»

«ዘፈን መስሎኝ እኮ ነው ልጄ። አንተነህን ላከብር ብዬ፣ እሱ ያመጣቸውን ገደልኩ።» ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ቆይተው ብቅ አሉና አዩኝ። «አንቺስ? አንቺ አልቅሰሻል?»

«አላለቀስኩም። ለልጅሽ ስትዪ ዝም በይ አሉኝ።»

«በለቅሶ ቤት ዝም የሚለው ሬዲዮው ነው እንጂ! አንቺን ማነው ዝም በይ ያለሽ?»

ይህን ሲሉ ቁጭ ብዬ፣ ፊቴን ሳልሸፍን፣ ልጄ እያየችኝ አለቀስኩ። «አንተነህ! ጃኬትህን ትተህ!» አልኩ። ማራኪ አልደነገጠችም። መጥታ በቀሚሷ ጫፍ ፊቴን አበሰችልኝ።

«እማዬ፣ አንቺም አባዬን ፈልገሽው ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ብቻዬን የፈለግኩት መስሎኝ ነበር» አለች።

ዓይኔ አለቀሰ። እጄ ተዘረጋ። ጃኬቱ ወረደ። ሽታው ገና አለ፤ ናፍጣና ሚንት ማስቲካ። ከኪሱ ወረቀቱን አወጣሁና ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ስድሳ ሊትር። ከጀርባው አንተነህ በእስክሪብቶ ስድስት ዓሣ ስሏል።

ደወልኩ። «ስድሳ ሊትር ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሞቶ ነው።»

«አላህ ያጽናሽ እህቴ» አለ ሙዘይን። «እኔ ደግሞ በስንዝርሽ ሳቅኩ።» ከዚያ ቀስ እያለ አስረዳኝ። ቆላ ቢሆን ለስድሳ ሊትር ሃምሳ ዋት ይበቃል፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ግን መቶ ያስፈልጋል። ማሞቂያው ውሃ ሳይሞላ አይሰካም፤ ውሃ ሲቀነስ ቀድሞ ይነቀላል። ማጣሪያው፣ ዓሣዋ ስለደከመች፣ አየር እየነፋ የሚሠራው የስፖንጅ ዓይነት ይሻላታል፤ አይስባትም። ስፖንጁም በሳሙና አይታጠብም፣ ከራሱ ከሣጥኑ በተቀዳ ውሃ ይጨመቃል እንጂ።

«አንድ ነገር ግን አለው» አለኝ። «ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ለቅሶ ላይ ካላችሁ ድምፅ የሌለው ሌላ ዓይነትም አለኝ። የቱን ልላክ?»

አባባ ወንድይፍራውን አየኋቸው። ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተዋል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ድምፅ ያለውን» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃው በሚኒባስ መጣ። መናኸሪያ ሄደው የተቀበሉት አባባ ወንድይፍራው ናቸው። ሙዘይን ከራሱ ዓሦች ማጣሪያ የጨመቀውን ጥቁር ውሃ በሃይላንድ አሽጎ ጨምሯል። ውሃ የሚያጠሩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉበት፤ አዲሱ ስፖንጅ ቶሎ ሥራ የሚጀምረው ይህ ሲገባበት ነው ብሎኛል።

«የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ልሰካው» አሉ አባባና ወደ ሶኬቱ ጎንበስ አሉ።

«ቆይ አባባ! ቆይ! ውሃው ይሙላ መጀመሪያ!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። እጃቸውን እንደ ልጅ ሰበሰቡ። በርሜል ውስጥ ካደረው ውሃ ቀድቼ እስከ አፉ ሞላሁት። ጥቁሩን ውሃ አፈሰስኩበት። ማሞቂያው ሰጠመ። ትንሽ ጠበቅን። «አሁን» አልኳቸው። ሰኩት።

ቀይ መብራቷ በራች። ማጣሪያው ቡልቅ አለ። ቡልቅ ቡልቅ አለ።

ያን ቀን ምንም የለም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ውሃው ለብ አለ፣ መስታወቱም ጠራ። ብርቱካን ከጥጓ ተነሳች። አንዱ ክንፏ ተቀዷል፤ ወደ ጎን እያዘመመች ወደ ላይ መጣች። ማራኪ ቆንጠር አድርጋ በተነችላት። ብርቱካን አፏን ከፈተች።

ዓይኔ ስላለቀሰ እጄ ተዘረጋ። እጄ ስለተዘረጋ ጃኬቱ ወረደ። ጃኬቱ ስለወረደ ወረቀቱ ተገኘ። ወረቀቱ ስለተገኘ ሊትሩ ታወቀ። ሊትሩ ስለታወቀ ማሞቂያና ማጣሪያ መጡ። ማሞቂያና ማጣሪያ ስለገቡ ውሃው ሞቀ፣ ውሃው ጠራ። ውሃው ስለሞቀ፣ ስለጠራ፣ ብርቱካን በላች። ብርቱካን ስለበላች ማራኪ አፏን ከፈተች።

«ለብርቱካን አንድ» አለች። «ለማራኪ አንድ።»

አጎረስኳት። አላመጠች። ዋጠች። ከዚያ በትንሽ ጣቷ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣች። «ለእማዬ አንድ።» እኔም አልበላሁም ነበር ለካ።

ሌላ አንድ ጠቀለለች። ወደ ማንም አላመጣችውም። ሳህኑ ዳር አስቀመጠችው።

«ይሄ የአባዬ ነው» አለች።

ሳህኑን ሳነሳ ያቺን ጉርሻ አልነካኋትም። ሚስማሩም ባዶውን ነው። ማጣሪያው ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ተዉትና እጄን አብሱልኝ፤ ከዓሣው ውሃ አሁን መውጣቱ ነው፣ እርጥብ ነው።