የመምህር መንገሻ መኪናና የአማቱ ጀሪካን

እኛ ሠፈር ሰው ባላጠፋው ጥፋት ሲወቀስ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ብዙው ሰው ስለ ጎርፍ የተነገረች ይመስለዋል። መነሻዋ ግን የመምህር መንገሻ መኪና ናት።

መንገሻ ደሴ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል። ያቺን ያረጀች መኪና የገዛት በተለይ አማቱን፣ እማማ ዘውድነሽን፣ ጠበል ለማድረስ ነበር፤ ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ብሏል። እሳቸውም ከጎኑ ተቀምጠው የጠበል ጀሪካናቸውን እግራቸው መሃል ያቆማሉ። አንድ ቀን ጀሪካኑ ትንሽ ቢያንጠባጥብ፣ መንገሻ ጽዳት ወዳድ ነውና፣ መሰርሰሪያ ተውሶ ጣሪያውን በሳና የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ በገዛ እጁ አሰረበት። ከዚያ ወዲያ የጀሪካኑ ቦታ ጣሪያው ላይ ሆነ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ጠዋት በሩን ሲከፍት የአማቱ እግር ማሳረፊያ ላይ ውሃ ተኝቷል። ምንጣፉን ጨምቆ አሰጣ፤ በማግስቱም ውሃ። የበሩን ዙሪያ ላስቲክ ለወጠ፤ አሁንም ውሃ። የፊት መስታወቱን ጠርዝ በሲሊኮን ደፈነው፤ ያው ነው። ምናልባት ከሞተሩ የመጣ እንደሆነ ብሎ በጣቱ ነክቶ ቀመሰው፤ የዝናብ ውሃ ይሁን የጠበል ምላሱ አልለይ አለው። በእሱ በኩል ደረቅ፣ ኋላም ደረቅ፤ እሳቸው የሚቀመጡበት ብቻ ኩሬ። ግራ ገባው።

ግራ የገባው ሰው ደግሞ ቅርብ ያገኘውን ይይዛል።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አላቸው፣ "በነጠላዎ ሥር ሌላ ዕቃ ይይዛሉ እንዴ?"

"ጠበል ደብቄ?"

"እንደሱ ሳይሆን... እርስዎ የሚቀመጡበት ብቻ ስለሚርስ ነው።"

"እንግዲያስ አልቀመጥበትም" አሉና ወረዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳገቱን በምርኩዝ ተያያዙት። ሚስቱ ውባለም ምሳ ታቀርብለታለች እንጂ አታናግረውም። የከፋው ነገር፣ እማማ ዘውድነሽ ቢቀሩም ውሃው አልቀረም። መንገሻ አፈረ፤ ተናደደም፤ በማን እንደተናደደ ግን አያውቅም።

በመጨረሻ የመኪና ቆርቆሮ ሲያቃኑ ያረጁትን ጋሽ እንድሪስን ለመነ። እሳቸው ከመኪናዋ በፊት መሬቱን አዩ።

"ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርገህ ነው የምታቆማት?"

"አዎ ጋሼ። ምን አገናኘው?"

ጋሽ እንድሪስ የጣሪያውን የውስጥ ጨርቅ ጠርዝ ፈታ አደረጉ፤ ውስጡን አደረቁና ዱቄት ጠይቀው፣ ውሃ ያለፈበትን እንዲያሳይ፣ ቆርቆሮው ላይ በጨርቅ ቀቡበት። ከደጃፍ ሆነው የሚያዩትን እማማ ዘውድነሽንም ጠሩ።

"እርስዎ ውሃ ያፍሱልን። ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ላይ። ከላይ ከጀመሩ ሁሉም ይርስና ሌባው አይታወቅም።"

እማማ ዘውድነሽ ለዚህ ሥራ አላቅማሙም። በሩ ላይ አፈሰሱ፤ ዱቄቱ ደረቅ ነው። መስታወቱ ላይ አፈሰሱ፤ ደረቅ ነው። በርጩማ ላይ ወጥተው ከኋላ በኩል የፖርቶመጋላው ብሎን ላይ ሲያፈሱ ግን ዱቄቱ ላይ ቀጭን መስመር ተሰመረ። መስመሩ የጣሪያውን ጠርዝ ይዞ ወደ ፊት ተጓዘ፤ በበሩ ቋሚ ወረደና እማማ ዘውድነሽ ይቀመጡበት ከነበረው ሥር ደረሰ።

"ከኋላ ገብቶ ፊት?" አለ መንገሻ።

"ቁልቁል ነዋ ያቆምካት። ይህን ብሎን ማን አሰረው?"

"እኔ።"

"ሥሩ ውሃ የሚያግድ ጎሚኒ አድርገህበታል?"

"ጎሚኒ ያስፈልገዋል እንዴ?"

ውባለም ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። መንገሻ ጎንበስ ብሎ የአማቱን ጉልበት ሳመ። "ይቅር ይበሉኝ እማማ። እግርዎ ሥር ሳየው ጊዜ ነው..."

እማማ ዘውድነሽ የፊቱን በር ከፍተው ገቡና ጀሪካናቸውን እንደ ጥንቱ እግራቸው መሃል አቆሙ።

ጋሽ እንድሪስ የእጃቸውን ዱቄት እያራገፉ፣ "አይዞህ መምህር" አሉ፣ "ውሃ የተኛበትን ያሳያል እንጂ የገባበትን አይናገርም።"