ኩሬዋ ስትደርቅ

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም አቤት በሉኝ።

አንዲት ሥራ የማትፈታ ዝንጀሮ ነበረች። ማሽላ ሲደርስ ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና ከክረምቱ በተረፈች ኩሬ ዳር አስቀመጠችው።

«ማሽላ ስለቅም እንዳያለቅስ አጫውችልኝ» አለቻት።

«አጫውተዋለሁ፤ ግን ፀሐይዋ በየቀኑ እየጠጣችኝ ነው» አለች ኩሬዋ።

«እስከዚያ እጨርሳለሁ።»

ልጁ ውሃው ላይ ደመናውንና ወፉን ሲያይ ይውላል። እናቱ እሸት ልታጎርሰው ጎንበስ ስትል እንኳ ፊቷን የሚያየው ውሃው ውስጥ ነው፤ ቀና አይልም።

ማሽላው አለቀ፤ ኩሬዋም ደረቀች። ዝንጀሮዋ የረገፈ ቅጠል ታቅፋ መጣች።

«ና ልጄ፣ ቅጠል እየበተንን እንጫወት።»

ልጁ የተሰነጣጠቀውን ጭቃ እየዳበሰ አለቀሰ።

«እናቴ እኮ እዚህ ውስጥ ነበረች» አላት።