አያ ጅቦ ተራውን ሲጠብቅ

አንድ ጊዜ፣ እትዬ የሻረግ ከአማታቸው ሰምተው እንዳወሩት (አማታቸው ደግሞ ያላዩትን አያወሩም፣ ያዩትንም አይተዉም)፣ አንዲት ቀበሮ ከገደሉ ሥር ባለው ዋሻ ጌም ቤት ከፈተች። መብራቱን ከየት እንደሳበችው የጠየቀ የለም። ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀለች፣ በሩ ላይም «ጀግና የሚለይበት ቤት» ብላ ጻፈች።

በዚያው ቀን አያ ጅቦ የበሬ ታፋ በአፉ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይገሰግስ ነበር። አምስት ልጆቹ ሦስት ቀን ምንም አልቀመሱም። ሚስቱም «ዛሬ ባዶ አፍህን ይዘህ ብትመጣ እናቴ ቤት ፈልገኝ» ብላዋለች።

«አያ ጅቦ፣» አለች ቀበሮ ከደጇ ሆና፣ «ዘንዶ የሚገድል ጀግና አጥተን ተቸግረናል። እንዳንተ ደረቱ የሰፋ የት ይገኛል?»

ጅብ ሲያመሰግኑት አያስችለውም። ታፋውን ከአፉ አወረደ። «አንድ ዘንዶ ብቻ?»

«አንድ ብቻ። ሥጋውን እዚህ ደጅ ተወው፣ ቤቱን ቅባት ያስነካብኛል። እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

ሥጋ ለቀበሮ አደራ ሰጥቶ ገባ። ብልኅ ማለት እንዲህ ነው።

ውስጥ አህያ ተዘርፍጦ ይጫወታል። አያ ጅቦ ገና መጫወቻውን ሲይዝ አንዲት አይጥ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ፊቱ ተደነቀረች። ሊነክሳት ቁልፉን ሲጫን ጽሑፍ ወጣ። ጅብ ማንበብ አያውቅም፤ አህያ አነበበለት፣ ይታያችሁ።

«ተራህ አይደለም፣ ይላል።»

«ለአይጥ ተራ እጠብቃለሁ?»

«ሕጉ ነው። መጀመሪያ እሷ ትነክስሃለች። ከዚያ አንተ ትመርጣለህ፤ መንከስ፣ መጮህ፣ መድኃኒት መጠጣት ወይ መሸሽ።»

አይጧ ነከሰችው። አያ ጅቦም መንከስን መረጠ።

«ሳተ፣ ይላል።»

«አፍንጫዬ ሥር ቆማ ምኗን ነው የሳትኩት?»

«ደረጃህ አንድ ነዋ። እኔ አርባ ደርሻለሁ፣» አለ አህያ፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ።

ሦስት እርምጃ ሄደ፣ ሌላ አይጥ። ሦስት እርምጃ ጨመረ፣ ያችው አይጥ ቀለም ተቀብታ። ጨዋታው የሰጠው፣ «ዓለት ይቆርጣል» የተባለለት ሰይፍ በአሥራ አንደኛዋ አይጥ ጭራ ላይ ተሰበረ። ዘንዶው ዘንድ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ዘንዶው ስለ አባቱ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ አይዘለልም። ሲጨርስ በአንድ ትንፋሽ አነደደውና ጨዋታው ከመጀመሪያዋ አይጥ መለሰው።

እንዲህ ሲመላለስ አመሸ። በመጨረሻ ሆዱ ሲጮህ ታፋው ትዝ አለውና ተነሣ። ዘንዶ ባይገድልም ሕጉን በቃሉ አጥንቷል፤ በዕድሜው የተማረው ይህንኑ ብቻ ነው።

ደጅ ሲወጣ ቀበሮ ታፋውን አጋምሳዋለች። ሊዘነጥላት አፉን ከፈተ።

«ተራህ አይደለም፣» አለች ሳትጣደፍ።

አያ ጅቦ አፉን ገጠመ። እሷም ጎረሰች።

«አሁንስ?»

«አሁን ተራህ ነው። ምረጥ።»

«መንከስ።»

«ሳተ፣» አለችና ደግማ ጎረሰች።

አፍንጫው ከጆሮዋ አንድ ስንዝር አይርቅም። ጥርሱም አልወለቀም። ግን ሳተ ከተባለ ሳተ ነው፣ ከሕግ ጋር ማን ይጣላል? በሚቀጥለው ተራው መጮህን መረጠና ገደሉ እስኪያስተጋባ ጮኸ። ቀበሮ ሁለት ጊዜ ጎረሰች።

«እመት ቀበሮ፣ ሁለቴ ሆነ እኮ።»

«ፈጣን ነኝ። የፈጣን ተራው እጥፍ ነው።»

ይህን ጊዜ አህያ ወጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። «አያ ጅቦ፣ እኔ ውስጥ ደረጃዬ አርባ ነው። ደጅ ግን አንተን ሳይ ይኸው እግሬን ለሩጫ አዘጋጅቻለሁ። አንተን ምን ነካህ?»

«ዝም በል፣ አታዘናጋኝ። ተራዬ እየደረሰ ነው።»

ቀበሮ አጥንቱን ግጣ ስትጨርስ ዋሻውን ዘግታ ወደ ማዶ ገደል ሄደች። አህያ ሣር ሊግጥ ወደ ሜዳው ወረደ። ሚስት አምስቱን ልጆች ይዛ እናቷ ቤት ገባች። አያ ጅቦ ከተዘጋው ዋሻ ደጅ ተቀምጧል፤ ተራው አልደረሰም።

ከዚህ የምንማረው ጥርስ በአፉ እያለ ለመንከስ ተራ የሚጠብቅ አጥንትም እንደማይተርፈው ነው።