ወንዙ ያልተጠራበት ድርድር

ሐኪም ፊት ቀርቦ «አልፎ አልፎ ነው የሚያመኝ» የሚል በሽተኛ፣ ወይም ሚስቱ ፊት «አንዳንዴ ነው እኮ የምቀምሰው» የሚል ባል ሲያጋጥም፣ ጥግ የተቀመጡ አዛውንት ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ሰሚው ይስቃል። አባባሏ በተወለደችበት ቀን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ቢስቅም ድምፁ አይሰማም ነበር።

ነገሩ የሆነው ከመንዝ ተራሮች ግርጌ፣ ደረቆ በሚሉት ወንዝ ዳር ነው። ደረቆ ወንዝ መባሉ ራሱ ለደጋ ሰው ቀልድ ይመስላል። ውሃ የለውም። ትልልቅ ግራሮች ግራና ቀኝ ጥላቸውን የጣሉበት፣ ፍየል ተጋድሞ የሚያመሰኳበት ሰፊ አሸዋ ነው። የደጋ ሰው የሚያውቀው ወንዝ ደግሞ ክረምት ከበጋ ዘወትር የሚፈሰውን ነው። የማይፈሰውን መንገድ ነው የሚለው።

በዚያ ዳር የሚኖሩት አቶ ሽብሩ ልጃቸውን አስካለን ለደጋ ሰው ሊድሩ ሆነ። ቀኑ ከፋሲካ ማግስት፣ በበልጉ ዝናብ ሰሞን ነበር። የሙሽራው አጎት ቀኛዝማች ድልነሳሁ አጃቢያቸውን አስከትለው፣ የራሰ ጋቢያቸውን እየጨመቁ ወረዱ።

«ዝናቡን እዚያው ተራራው ላይ ጥለነው መጣን!» አሉ እየሳቁ። እውነትም ቆላው ላይ ሰማዩ የተወለወለ ሰሃን ይመስል ነበር።

ሣቃቸው ግን ዳሱን እስኪያዩ ድረስ ነው። ዳሱ የተጣለው ተዳፋቱ ላይ፣ ድንጋይ መሃል ነበር።

«ሽብሩ፣ እንዲህ ያለ ሜዳ ከነጥላው ተነጥፎ ሳለ፣ የእኔን ሰዎች እንደ ዝንጀሮ ገደል ላይ ልትሰቅላቸው ነው?»

«ጌታዬ፣ እሱ ወንዝ ነው። ይመጣል።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«ውሃው።»

ቀኛዝማች አሸዋውን አዩት። አንዲት ፍየል መልሳ አየቻቸው።

«ዘወትር ይመጣል?»

«ኧረ ዘወትርስ አይደለም።»

«አዘውትሮ?»

«አዘውትሮም አይባል...»

«ብዙ ጊዜ ነዋ!»

አቶ ሽብሩ ልጃቸውን አሰቡ። አማች ተቀይሞ በቅሎውን ካዞረ፣ ዳስ ውስጥ የቀረችን ሙሽራ በዚያ አገር ዳግመኛ የሚጠይቃት የለም።

«ብዙ ጊዜ እንኳ... አንዳንዴ ነው» አሉ።

«አንዳንዴማ እኔንም ያስለኛል! በዚያ ድግስ ይቀራል?»

«እንግዲያው አልፎ አልፎ እንበለው፣ ጌታዬ።»

«እንበለው! አልፎ አልፎ ማለት ዛሬ አይደለም ማለት ነው።»

በሬ እንደሚሸጥ ሰው ቃሉን እየቀናነሱ፣ እጅ ለመማታት ምንም አልቀራቸው። ወንዙን ግን ለድርድሩ የጠራው አልነበረም።

ዳሱ ተነቅሎ አሸዋው ላይ ተተከለ። መንደርተኛው ወንዙን እያወቀ፣ እንግዳ ላለማስቀየም እየተሽኮረመመ ወረደ፤ ይሉኝታ ዋና የሚያስተምር ይመስል። የአቶ ሽብሩ ታላቅ እህት እትዬ በለጡ ብቻ «እኔ ጉልበቴን ያመኛል» ብለው ዳገቱ ላይ ከተቀመጡበት ድንጋይ ንቅንቅ አላሉም።

ጠጁ ተንቆረቆረ፣ ከበሮው ተመታ። አስካለ ተሸፋፍና ከሙሽራው ጎን ተቀመጠች። ሙሽራ አንገቷን ትደፋ ዘንድ ወግ ነው። አንገቷን ስለደፋች ደግሞ ሌላው ያላየውን አየች፤ እግሯ ሥር ያለው አሸዋ ወንፊት ላይ እንዳለ ዱቄት ይርገበገባል። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፣ የረጠበ አፈር የሚሸት። ግራሩ ላይ ሲንጫጩ የዋሉት ወፎች ዝም ብለዋል።

ተነሳች። ነጠላዋን ወርውራ፣ ጫማዋን ጥላ ዳገቱን ሽቅብ በረረች።

«ሙሽራ ጠፋች!»

«ያዟት! አዋረደችን!»

ሚዜዎቹ ተከተሏት። ቀኛዝማች ከዘራቸውን እየወዘወዙ ሚዜዎቹን ተከተሉ። ከበሮ መቺዋ ከነከበሮዋ፣ ጠጅ ቀጂው ከነማንቆርቆሪያው፣ እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ሁሉም ወጣ። ሙሽራ የሸሸችበት ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማን ይጎርሳል?

ሚዜዎቹ እትዬ በለጡ ዘንድ ደርሰው የሙሽራዋን ክንድ ሲይዙ፣ ድምፁ መጣ። ተራራ ወፍጮ ቢሆን እንዲያ ያጓራ ነበር። ከዚያ ራሱ መጣ። ውሃ አይመስልም፤ በእግሩ የሚሄድ የጭቃ ግንብ ነበር። ከላዩ ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች፣ ደመና የሚባል የለም። ከነሥሩ የተነቀለ ጽድ አንድም ቅርንጫፍ ሳይጎድለው፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ንጉሥ በፊታቸው እንደሚያልፍ ሁሉ አለፈ። ከሥር ቋጥኝ ከቋጥኝ ሲጋጭ ምድር በሆዳቸው ውስጥ ነጎደች። ዳሱ ጋ ሲደርስ አልሰበረውም። ብድግ አደረገው፣ ከነጉዝጓዙ አንዴ አሽከረከረው፣ ዋጠው።

ሕፃን አላለቀሰም፣ ውሻ አልጮኸም። ሊያማትብ እጁን ያነሳ ሰው እጁ ግንባሩ ላይ ቀረ። ፍርሃትስ ያስሮጣል፤ ይህ ግን ሰውን ያንበረክክ ነበር፣ አንዳንዱም ተንበረከከ።

«የእኛ አገር ዛፍ ነው...» አሉ ቀኛዝማች በሹክሹክታ፣ ጽዱን በዓይናቸው እየተከተሉ።

ሙሽራው እያለከለከ ወደ አስካለ ዞረ። «ታዲያ ጎርፍ መጣ አትይም ነበር?»

«ብልማ ‹አዘውትሮ ነው ወይስ አልፎ አልፎ?› ትሉኝ ነበራ!» አለች፣ ሙሽራ እንደማትናገር ረስታ።

ቀኛዝማች ወደ አባቷ ተመለሱ። ቁጣ ሊሆን ያሰበው ድምፃቸው መንገድ ላይ ቀጠነ።

«ሽብሩ፣ ይህን ነው አልፎ አልፎ ያልከኝ?»

«ጌታዬ፣ ስጀምርስ ይመጣል ብቻ ነበር ያልኩት።»

እትዬ በለጡ አንዴ ወንዙን፣ አንዴ ወንድማቸውንና እንግዳውን አዩና፣ «በቃል ያሳነሱት ጎርፍ በአካል ይመጣል» አሉ።