ሦስት ጊዜ የተተከለችው ወይራ

«ቀጥ በይ እንጂ! ምን ያጎብጥሻል? ነገ የምትተከዪ አይደለሽም እንዴ?» አለ ባነሩ።

«ከዚህ በፊትም ተተክዬ ነበር እኮ» አለች የወይራ ችግኟ።

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል? ልምድ አለሽ።»

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ብላችሁ ከመለሳችሁልኝ እሰየው፤ በእኛ ሰፈር ግን ላሟም በረቱም ከጠፉ ቆይተዋል። የቀረን የሰፈሩ አዳራሽ ዕቃ ቤት ነው። ተረቴም የሚያድረው እዚያ ነው።

በዚያ ዕቃ ቤት ሦስት ነዋሪዎች ነበሩ። አንዱ ባነር ነው፤ ደረቱ ላይ «የሥነ ጥበብ፣ የባህልና የአትክልት በዓላችን፤ ኑ እንትከል» ይላል፤ ዓመተ ምሕረቱ በየዓመቱ በወረቀት ይለጠፍበታል። ሁለተኛው ድምፅ ማጉያ ነው። ሦስተኛዋ እግሯ በጥቁር ፕላስቲክ የታሰረ ወይራ ናት።

የሥነ ጥበብ ቀን ደረሰ። የክብር እንግዳ መጡ፣ ወይራዋን ከነፕላስቲኳ ጉድጓድ ውስጥ አቆሟት፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ይርዳው ወዲያው ነቀሏት። «ለባህል ቀን ትፈለጋለች» አሉ።

የባህል ቀን ደረሰ። ሌላ የክብር እንግዳ መጡ፣ ጥብስ በሉ፣ የእጃቸውን ቅባት በፕላስቲኳ ጠረጉ፣ አቆሟት፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። አቶ ይርዳው ነቀሏት። «ለአትክልት ቀን ትፈለጋለች» አሉ።

ወይራዋ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ሥሯ መሄጃ አጥቶ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ኳስ ተጠቅልሏል። አሁንም እንደታሰረች ከተተከለች በቁሟ እንደምትደርቅ ገብቷታል።

«አንተ ባነር» አለች፣ «ይህን ፕላስቲክ የሚቀድልኝ ሰው ጥራልኝ።»

«እኔ የምጠራው ለበዓል ነው። ደግሞስ እኔ ላይ ‹ኑ እንትከል› እንጂ ‹ኑ እናጽድቅ› የሚል አለ? አንብቢ!»

«አንተ ድምፅ ማጉያ፣ እባክህ ጩኽልኝ።»

«ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል!»

«እንግዲያው ሥራዬን ጨርሻለሁ።»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና የጎረቤት ፍየል ገባች።

«ማንን ልብላ?» አለች ዙሪያውን እያየች።

«እሷን! እሷን!» አለ ባነሩ። «እኔ ቀለም አለብኝ፤ ሆድሽን ያምሻል።»

«እትዬ ፍየል» አለች ወይራዋ፣ «ቅጠሌ ጣዕም የለውም። ጥብሱ ያለው ከታች ነው፣ ፕላስቲኩ ላይ።»

ፍየሏ አሸተተች። «እውነትሽን ነው! ቅቤም አለው።» ላሰች፣ ላሰች፣ ከዚያ የፕላስቲኩን ቂጥ ቦጭቃ አኘከችው። «የኮሚቴ ድግስ እንዲህ ነው» አለች አፏን እየጠራረገች፣ «ከውስጡ ይልቅ መጠቅለያው ይጣፍጣል።»

የአትክልት ቀን ደረሰ። አቶ ይርዳው ዓይናቸው ባነሩ ላይ ስለነበር ከታች የሆነውን አላዩም። ወይራዋን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው፣ አፈሩን መለስ አድርገው እንግዳውን ጠበቁ። ስልክ ጮኸ። እንግዳው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሌላ ቀን ይመጣሉ።

«እዚያው ቆማ ትጠብቃቸው» አሉ አቶ ይርዳው። «ማመላለስ ሰለቸኝ።»

ሌላ ቀን ሲባል፣ ሌላ ቀን ሲባል፣ ክረምቱ ገባ። ዘነበ፣ ዘነበ። የወይራዋ ሥር ፍየሏ የተወችለትን ቀዳዳ አገኘና ወጣ። ክረምቱ አለፈ፣ መሬቱም መድረቅ ጀመረ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ አረጋሽ እየሮጡ መጡ። «እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው!»

«ቶሎ እንንቀላት፣ እሳቸው ይትከሏት» አሉ አቶ ይርዳው። ሳቧት፤ እምቢ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳቧት፤ እምቢ። ኮታቸውን አውልቀው ሳቧት፤ እምቢ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አረጋሽ፣ ጉድ ሆነናል።»

«ምነው? ደረቀች?»

«ብትደርቅማ ምን ቸገረኝ! ጸድቃለች!»

«እግዚኦ! ማን ነክቷት?»

«መጋዝ አምጪ።»

ወይራዋ ቅጠል በቅጠል ተንቀጠቀጠች።

«ጋሽ ይርዳው፣ ምን ነካዎት? በአትክልት ቀን፣ እንግዳው እያዩ፣ ዛፍ ሊቆርጡ ነው? ይኸው መኪናቸው በር ላይ ቆመ!» አሉ ወይዘሮ አረጋሽና ወደ አዳራሹ ሮጡ። ሲመለሱ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠውን የፕላስቲክ አበባ ታቅፈው ነበር። አቶ ይርዳውም ከወይራዋ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ በጥድፊያ ጉድጓድ ቆፈሩላት።

እንግዳው አበባዋን አቆሙ። «ዝርያዋ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዓመቱን ሙሉ የምታብብ ናት፣ ክቡርነትዎ» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

«ለሰፈራችሁ የሚያስፈልገው ይኸው ነው!»

ተጨበጨበ። ድምፅ ማጉያው አስተጋባ። እንግዳው ደስ ብሏቸው ለማጠጫ የተዘጋጀውን የውሃ ጄሪካን አነሡና እስከ ጠብታው አፈሰሱላት። አበባዋ ውሃውን ምን ታድርገው? ተንሸራተተ፣ ቁልቁል ወረደ፣ ወይራዋ ሥር ደረሰ። ወይራዋም ለማንም ሳትናገር ጠጣች።

እንግዳው እንደሄዱ አቶ ይርዳው አበባዋን በሁለት ጣት ነቀሏት። ጭቃዋን አራገፉ።

«አየሽ አረጋሽ፣ ተክል ማለት ይህች ናት፤ ሲተክሏት የምትተከል፣ ሲነቅሏት የምትነቀል።»

«ወይራዋስ?»

«ተያት ባክሽ። ለአንድ በዓል እንኳ የማትሆን።»

አበባዋን ዕቃ ቤት አስገቡ። ባነሩ «ቀጥ በይ» ሊላት አፉን ከፈተ። ቀጥ ብላ ነበር።

አቶ ይርዳው በሩን ዘጉት።