የሸዋንግዛው ጊታር

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ነበሩ። ሀብታቸው አንድ ጊታርና ሦስት ልጆች ነበር። ጊታሩን ዕድሜ ልካቸውን በሠራተኞች ክበብ ሲጫወቱበት ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከአልጋቸው በላይ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። መጨረሻቸው ሲቃረብ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺመቤትን ጠርተው፣ «ጊታሬን አደራ። ከሞትኩ በኋላ ሰው እንዲሰማኝ ላደረገው ልጅ ስጪው» አሏቸው።

የሦስቱም ልጆች ሙያ ከጆሮ የራቀ አልነበረም። ትልቋ ፍሬሕይወት ግጥምና ዜማ ትደርሳለች፤ ራሷም ትዘፍናለች። መካከለኛው ምንተስኖት ግድግዳዋን በእንቁላል መያዣ ካርቶን የለበጣት አንዲት ክፍል ስቱዲዮ አለችው። ትንሹ አብነት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ አዳዲስ አልበሞችን ይገመግማል። እሱ «ይደመጥ» ያለው ይደመጣል፤ «አይረባም» ያለው ግን አበቃለት። ለዘመድ አያደላም ይባልለት ነበር፤ እሱም ይህ ሲባል መስማት ደስ ይለው ነበር።

አባት ታመው አራት ወር ተኙ። ከአልጋው አጠገብ ሦስት ወንበር ነበር። በአንዱ ፍሬሕይወት፣ በሌላው ምንተስኖት እየተቀመጡ አስታመሙ። በሦስተኛው የተቀመጠ የለም። የአብነት ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው፤ እሱ ግን «ዛሬ ሥራ በዛብኝ፣ ነገ እመጣለሁ» ሲል ከረመ። እውነቱን ለራሱም አልነገረውም። ያ ጊታር ሲጫወት የኖረ እጅ የውሃ ብርጭቆ መያዝ ሲያቅተው ማየት ፈርቶ ነበር። የመጣው ለቀብር ነው።

ፍሬሕይወት ሐዘኗን ስምንት ዘፈን አደረገችው። የአባቷን ሳቅ፣ የባቡሩን ፉጨት፣ የመድኃኒቱን ሽታ ሳይቀር አስገባችበት። ስትዘፍነው ግን ከንዴቷ የተነሳ ትቸኩል ነበር።

ምንተስኖት «እትዬ፣ ቀስ በይ። አባባ እንዲህ ተቻኩሎ አልሞተም» አላት። ድራሙን አዘገየው፣ የኤሌክትሪክ ጊታሩን እንዲያቃስት አደረገው። በስምንተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ደግሞ በሕመሙ በሦስተኛው ወር የቀዳውን ድምፅ አስገባ፦ ጊታሩን ከግድግዳ አውርዶ አባቱን አሳቅፏቸው፣ እሳቸው ክሩን ሲስቱ፣ እንደገና ሲሞክሩ፣ እንደገና ሲስቱ ይሰማል። ሙዚቀኞቹ «ይሄን ስህተት አውጣው» አሉት። «ስህተት አይደለም፣ አባቴ ነው» አላቸው።

አልበሙ ወጣ። ከተማው የለመደው የሠርግ ጭፈራ ነው። «አቦ፣ ይሄ ሮክ ነው ወይስ እንቅልፍ?» እያለ ጀምሮ የሚያጠፋው በዛ። ሁሉም የአብነትን ቅዳሜ ጠበቀ።

አብነት ቢሮውን ዘግቶ ብቻውን አዳመጠ። አምስተኛው ዘፈን «ሦስተኛው ወንበር» ይላል። ስም አይጠራም። በየቀኑ አቧራው ስለሚጠረግለት፣ ማንም ስለማይቀመጥበት ወንበር ነው የሚያወራው። አብነት አለቀሰ። ከዚያ አፈረ፤ እፍረቱም ውሎ ሳያድር ወደ ንዴት ዞረበት።

ቅዳሜ «ቀርፋፋ ነው» አለ በሬዲዮ። «ስምንቱም ያው አንድ ለቅሶ ነው። እህቴና ወንድሜ ስለሠሩት አልዋሻችሁም።» ከየዘፈኑ ቀንጨብ እያደረገ ሲያሰማ አምስተኛውን ዘለለው። አድማጩም «ለእህቱ እንኳ የማያደላ!» ብሎ አደነቀው። በሙያው እንደዚያ ቀን ተሞግሶ አያውቅም፤ ምስጋናው ግን ምግብ አላስበላው አለ።

ፍሬሕይወት ደወለች። «አምስተኛውን ለምን ዘለልከው?»

«ሰዓት አልበቃኝም።»

«አዎ» አለችው። «አንተ መቼም ሰዓት በቅቶህ አያውቅም።» ስልኩን ዘጋችው።

በሳምንቱ አብነት ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠ። «ባለፈው ቅዳሜ ዋሽቻችኋለሁ» አለ። «አልበሙ አስለቅሶኛል። የሦስተኛው ወንበር ባለቤት እኔ ነኝ። አባቴ አራት ወር ሲጠብቀኝ አልሄድኩም።» አምስተኛውን ሙሉውን አሰማ። ቀጥሎም ስምንተኛውን፣ የአባቱ እጅ ክሩን እስከሚስትበት ድረስ። ከዚያ ወዲህ አልበሙ የማይሰማበት ባጃጅ ጠፋ። ያላዘነ ሰው በከተማው ያለ አይመስልም ነበር። የአዲስ አበባ ገምጋሚዎችም «ውበቱ ዝግታው ነው» እያሉ ጻፉለት። አብነት ግን ፕሮግራሙን ተነጠቀ፤ አንዴ የዋሸ ገምጋሚን ማን ያምናል?

የሙት ዓመቱ ዕለት፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ጊታሩን አውርደው ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። አደራውንም ነገሯቸው።

«አባባ የተሰማው በእኔ ቃል ነው» አለች ፍሬሕይወት። «እኔ ባልጽፈው ምን ይሰማ ነበር?»

«ቃሉ ያንቺ ነው» አለ ምንተስኖት። «የራሱን እጅ ድምፅ ቀድቼ ያስቀረሁት ግን እኔ ነኝ። ሰው ስለ እሱ ብቻ ሳይሆን እሱን ራሱን የሰማው በእኔ ነው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ወደ አብነት ዞሩ።

«አንተስ?» አሉት።

«እኔ አይገባኝም፣ እማዬ» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ዓይኑ ግን ከጊታሩ አልነቀል አለ፤ ቢሰጠው አባቱ ይቅር ያሉት ይመስለዋል፤ ይህን በመመኘቱም ዳግመኛ አፈረ።

«ይገባሃል ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም። ሰው እንዲሰማው ያደረገ ማነው ነው ያልኩት።»

ፍሬሕይወት «መጀመሪያ ያፈነውም እሱ ነው!» አለች።

ምንተስኖት አቀርቅሮ፣ «እሱ ባይናገር ግን ማን ይሰማን ነበር?» አለ።

ወይዘሮ የሺመቤት ሦስቱንም በየተራ አዩ። ለመወሰን ጨነቃቸው። ሦስቱ ወንበሮች ያኔም ከአልጋው አጠገብ ነበሩና፣ ጊታሩን በሦስተኛው ላይ አስደግፈው ወጡ። እስካሁን እዚያው ነው፤ አቧራውን የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው፣ አብነትም በየቀኑ እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል።

እኔ እንግዲህ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀረብኩላችሁ። አንዷ አባቷን በቃል አኖረች፤ አንዱ የአባቱን እጅ ድምፅ አስቀረ፤ አንዱ መጀመሪያ ካደው፣ ከዚያ በገዛ ስሙ ከፍሎ አሰማው። እስቲ ፍረዱ፦ የሸዋንግዛው ጊታር ለማን ይገባል?